ጎርፍ የገባበት ቤትና መልስ ያጣ ማመልከቻ፦ ለድሬዳዋዋ እናት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ቤቴ ድሬዳዋ ነው፣ ከደቻቱ ወንዝ ዳር ትንሽ ገባ ብሎ። ጎርፉ ከገባ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ዋናው ቤት ብሎኬት ነው፤ ጓሮ ያሉት ሁለቱ ሰርቪሶች የጭቃ ናቸው፣ አንዱን አከራይቼው ነበር። ውኃው ከጉልበቴ በላይ ደርሷል። ቀበሌ መዝግቦን ብርድ ልብስና ዱቄት ሰጥቶናል። ካሳ እንዲከፈለኝ፣ ቤቱም እንዲጠገንልኝ፣ እርዳታውም እንዲቀጥል ማመልከቻ ጽፌ ብሰጥ ‹ትጠሪያለሽ› ከማለት በቀር መልስ የለም። በራችን ላይ ያለው ቱቦ ከመንገድ ሥራ በተረፈ አፈር ተደፍኖ ስለነበር ነው ውኃው ወደኛ የዞረው። ካርታዬ ረጥቧል። ግድግዳው ከሥር እየተላጠ ነው። ለማን ልጩህ? ቤቱንስ እስከዚያ ምን ላድርገው?»

ምላሽ፦

እንኳን ቤተሰቡ ተረፈ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው የወሰደባት ከተማ ናትና፣ ይህን ማለት ለወጉ ያህል አይደለም። ግን ሕይወት ተርፏል ማለት ቤቱ ይቅር ማለት አይደለም። መልስ የማግኘት መብት አለዎት።

መልስ ያጡበት አንዱ ምክንያት ከጥያቄዎ ራሱ ይታየኛል። በአንድ ማመልከቻ ላይ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ጠይቀዋል፤ ሦስቱም የሚሰጡበት ቦታ፣ የሚጠይቁት ማስረጃና የሚወስዱት ጊዜ ለየብቻ ነው። አስቸኳይ እርዳታ (ምግብ፣ ብርድ ልብስ፣ የቤት ዕቃ) የሚሰጠው በቤተሰብ ቁጥር ነው፤ ካርታ አይጠይቅም፤ ተከራይም ባለቤትም እኩል ያገኛል፤ ቀበሌው፣ የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራሩና ቀይ መስቀል የሚሠሩት በዚህ በኩል ነው። የቤት ጥገና ወይም መልሶ ማቋቋም የሚታየው በተጎዳው ቤት መጠን ነው፤ ስለዚህ የይዞታ ማስረጃና የባለሙያ የጉዳት ግምት የሌለው ሰው ዝርዝሩ ውስጥ ለመግባት ይቸገራል። ካሳ ደግሞ ሌላ ነው፤ ካሳ የሚከፍለው ለጉዳቱ ተጠያቂ የሆነ ነው፤ ማን ተጠያቂ እንደሆነ ሳይረጋገጥ ካሳ የሚሰጥ ቢሮ የለም። ሦስቱ በአንድ ወረቀት ሲመጡ የተቀበለው ሠራተኛ የሚችለው አንዱን ብቻ ስለሆነ፣ ሌላው «ይታያል» ተብሎ ፋይል ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ማመልከቻውን ለሦስት ይክፈሉት።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር፣ ያውም ዛሬ። ግድግዳዎ ላይ ያለው የውኃ መስመር እየጠፋ ነው። በእያንዳንዱ ክፍል መስመሩን በእርሳስ ወይም በከሰል ያስምሩ፣ ከወለል እስከ መስመሩ በሜትር ይለኩ፣ ሜትሩን እንደያዛችሁ ፎቶ አንሡ። «ከጉልበቴ በላይ» የሚለው ለግምት አይጠቅምም፤ ለምሳሌ «ከወለል 62 ሳ.ሜ.» የሚለው ይጠቅማል። ከሩቅ ክፍሉን ሁሉ የሚያሳይ፣ ከቅርብ ስንጥቁንና የተላጠውን የሚያሳይ፣ ሁለት ሁለት ፎቶ ይበቃል። ፎቶዎቹን ለሌላ ሰው ስልክ ልከው ያስቀምጡ። የተበላሸውን ዕቃ ከመጣልዎ በፊት ግቢ ውስጥ ደርድረው ፎቶ ያንሡ፣ በዝርዝር ይጻፉ፤ ፍራሽ ስንት፣ ቁም ሣጥን ስንት፣ ፍሪጅ ስንት ዓመት ያገለገለ። የቆሸሸ ፍራሽ ለማስረጃ ብሎ ቤት ውስጥ ማቆየት ግን ልጆችን ማሳመም ነው፤ ፎቶው ይበቃል፣ ፍራሹ ይውጣ።

አሁን ሁለተኛውን ማመልከቻ፣ ማለትም የጥገናውን፣ እንዲህ አድርገው ይጻፉት።

«ጉዳዩ፦ በጎርፍ የተጎዳ መኖሪያ ቤት በባለሙያ ታይቶ የጉዳት ግምት እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ። በቀበሌ … የቤት ቁጥር … የሆነው ቤቴ በ… ቀን ሌሊት በገባ ጎርፍ ከወለል በላይ … ሳ.ሜ. ድረስ ተጥለቅልቋል። በተጎጂዎች መዝገብ በተራ ቁጥር … ተመዝግቤአለሁ። የዋናው ቤት የውስጥ ልስን ከሥር እየለቀቀ ነው፤ የሁለቱ ሰርቪሶች ግድግዳ ተጎድቷል። ባለሙያ ተመድቦልኝ ቤቱን አይቶ ግምቱን በጽሑፍ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ። አባሪ፦ ፎቶ … ገጽ፣ የይዞታ ማስረጃ ኮፒ … ገጽ።»

ከዚህ በላይ አይጨምሩበት። ችግርዎን ሁሉ መዘርዘር የሚያሳፍር ሆኖ አይደለም፤ የሚያነበው ሰው ከአንድ ገጽ ውስጥ ማድረግ የሚችለውን አንድ ነገር ወዲያው እንዲያገኝ ነው። በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው መዝገብ ቤት ይስጡ፤ በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። ያለ ገቢ ቁጥር ለኃላፊ በእጅ የተሰጠ ማመልከቻ፣ ኃላፊው የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ እንዳልተሰጠ ነው። ተመልሰው ሲሄዱም «ምን ደረሰ?» ብለው አይጠይቁ፤ «በዚህ ቁጥር የገባው ለማን ተመራ?» ይበሉ። ምሪቱ ያለበትን ክፍልና የተመራበትን ቀን ቅጂዎ ጀርባ ላይ ይጻፉት። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ካልተንቀሳቀሰ ቀጣዩ ደብዳቤ ሁለት መስመር ይሁን፤ የመጀመሪያውን ቁጥርና ቀን ጠቅሶ፣ በግልባጭ ለበላይ ኃላፊውና ለቅሬታ ሰሚው የሚደርስ።

በመዝገቡ ላይ ስምዎ እንዴት እንደተጻፈ በዓይንዎ ይዩ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ምዝገባው በጥድፊያ ስለሚካሄድ ስም ከመታወቂያው ይለያል፣ የቤት ቁጥር ይሳሳታል፣ አከራይና ተከራይ በአንድ ቤት ቁጥር ስለሚመዘገቡ አንዱ «ተደጋጋሚ» ተብሎ ይሰረዛል። ተከራይዎ የተመዘገበው በእርስዎ ቤት ቁጥር ከሆነ አንዳችሁ ባለቤት፣ ሌላችሁ ተከራይ ተብላችሁ እንድትለዩ አብራችሁ ሄዳችሁ አስተካክሉ።

ካርታው። ፀሐይ ላይ አያስጡት፣ ካውያም አያስነኩት፤ ቀለሙና ማኅተሙ ይሸሻል። ጭቃ ከያዘው በንጹሕ ውኃ ቀስ ብለው ያንጠፍጥፉለት፣ ያልታተመበት ንጹሕ ወረቀት ከላይና ከታች አድርገው ጥላ ውስጥ በዝግታ ያድርቁት፣ ወረቀቱን በየጥቂት ሰዓቱ ይቀይሩ። የተጣበቁ ገጾች ካሉ አይገንጥሏቸው። ከደረቀ በኋላ ባይነበብም አይጣሉት፤ ይዞታ አስተዳደር ምትክ ሲጠይቁ «ተበላሸብኝ» ብሎ ዋናውን መመለስና «ጠፋብኝ» ማለት የተለያየ ሥርዓት አላቸው፤ የመጀመሪያው ይቀልላል። እስከዚያው የግብር ደረሰኝ፣ የውኃና የመብራት ቢል በስምዎ ካለ እነሱን ያያይዙ።

ወደ ካሳው። የተደፈነው ቱቦ ጉዳይ ከሁሉም ይልቅ ጊዜ የማይሰጥ ነው፤ ማስረጃው የመንገድ ላይ አፈር ነውና። ነገ ግሬደር መጥቶ ቢጠርገው የእርስዎ ክርክር አብሮ ይጠረጋል። የቱቦውን ጥልቀት በብረት ዘንግ ይለኩ፤ ለምሳሌ ጠቅላላው 80 ሳ.ሜ. ሆኖ 60ው በአፈር የተሞላ ከሆነ፣ ዘንጉ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ፎቶ አንሡ። አፈሩ ከመንገድ ሥራው መሆኑን የሚያሳይ ነገር ካለ (ተመሳሳይ የጠጠር ክምር፣ የተቆፈረ ጠርዝ፣ የተሰበረ የቱቦ ክዳን) አብሮ ይግባ። የሥራው ማስታወቂያ ሰሌዳ ቆሞ ከሆነ የአሠሪውንና የተቋራጩን ስም ከእሱ ይውሰዱ። ውኃው የዞረበትን መንገድ የሚያሳይ ንድፍ በእጅ መሳል ይበቃል፤ ቱቦው የቱ፣ የተደፈነው የት፣ ወደ እናንተ በር የታጠፈው በየት በኩል።

ከዚያ ከጎረቤቶችዎ ጋር ሆናችሁ ቱቦው እንዲጠረግ በጽሑፍ ጠይቁ። ይህ ደብዳቤ ሁለት ጥቅም አለው፤ ለሚቀጥለው ዝናብ ይጠብቃችኋል፣ ቱቦው በዚያ ቀን ተደፍኖ እንደነበር ቀንና ማኅተም ያለበት ምስክርም ይሆናል። ከጎርፉ በፊት ያመለከተ ሰው በሰፈሩ ካለ የእሱን ቅጂ ያግኙ፤ አስቀድሞ የተነገረው ሰው ሳያደርግ መቅረቱን ከማስረዳት የሚበልጥ ማስረጃ በዚህ ዓይነት ጉዳይ የለም።

በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው (ቁጥር 2143)። ሁለት ዓመት ሲሰሙት ብዙ ይመስላል፤ «ኮሚቴ ተዋቅሯል፣ ጠብቁ» እየተባለ ግን በቀላሉ ያልፋል፤ ቢሮ ለቢሮ መመላለስ በራሱ ጊዜውን ያቆመዋል ብለው አይመኑ። የጉዳቱን መጠን ማስረዳት የጠያቂው ሸክም ስለሆነ፣ የመሐንዲስ ግምቱን በዝርዝር ሥራና በነጠላ ዋጋ ያሠሩት፤ «ልስን ማንሣት ይህን ያህል ካሬ፣ እንደገና መለሰን ይህን ያህል ካሬ» እያለ የሚሄድ። «በአጠቃላይ ይህን ያህል ብር» የሚል አንድ መስመር ግምት በመጀመሪያው መስቀለኛ ጥያቄ ይፈርሳል። ከሰርቪሱ የቀረብዎትን ኪራይም ይጨምሩ፤ ውል ወይም የተከራይ ምስክርነት ይፈልጋል። ጠበቃ መክፈል ካልቻሉ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡትን ነፃ የሕግ ድጋፍ ይጠይቁ፤ የዳኝነት መክፈያ ላጣ ሰውም የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በደሃነት መክሰስን ይፈቅዳል፣ ከቀበሌ የሚጻፍ ማስረጃ ይዞ።

ቤቱ በባንክ ብድር የተያዘ ከሆነ መድን ተገብቶለት ሊሆን ስለሚችል ባንኩን ይጠይቁ። ተራው የእሳት ፖሊሲ ጎርፍን የሚሸፍነው በተጨማሪ ከተገባ ብቻ ነው፤ ማሳወቂያውም በቀናት የሚቆጠር ነውና ዛሬውኑ በጽሑፍ ያሳውቁ።

አሁን ቤቱን።

መብራት ከመለሳችሁ ያጥፉት። ውኃው ከጉልበት በላይ ከደረሰ ዝቅ ብለው ያሉት ሶኬቶች ጠልቀዋል፤ በግድግዳ ውስጥ ያሉት የሽቦ ቱቦዎችም ውኃ ይዘዋል። ከውጭ የደረቀ የሚመስል ሶኬት ከኋላው ደለል ይኖረዋል፤ ደለሉ እርጥበት በሳበ ቁጥር መስመሩ ኤሌክትሪክ ያፈሳል፣ ግድግዳ ሲነኩ የሚነዝረው ለዚህ ነው። የጠለቁትን ሶኬቶችና ብሬከሮች አጥቦ መመለስ አይሆንም፤ ይቀየሩ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሽቦዎቹን በሜገር (የሽቦ ሽፋን ኤሌክትሪክ አለማፍሰሱን በሚለካው መሣሪያ) በ500 ቮልት ይለካ፤ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ያሳየ መስመር አይገናኝም። የቆጣሪው ነገር የእርስዎ አይደለም፤ ለመብራት ኃይል በ905 ይደውሉ።

የሚላጠው ልስን የሚላጠው ውኃው ከብሎኬቱ ውስጥ ስላልወጣ ነው። ብሎኬት ውኃን ከመስመሩ በላይ ወደ ላይ ይስባል፤ ውኃው በልስኑ በኩል ሲተን የያዘውን ጨው ፊቱ ላይ ይጥላል፤ ጨው ሲጠጥር ልስኑን ይገፋዋል። ስለዚህ የተላጠውን ብቻ መለጠፍ ገንዘብ ማባከን ነው፣ ከጥቂት ወር በኋላ ተመልሶ ይወድቃል። ልስኑን ከውኃው መስመር በላይ ግማሽ ሜትር ጨምረው፣ መስመሩ 62 ሳ.ሜ. ላይ ከሆነ ከወለል 1 ሜትር ከ10 ያህል ድረስ፣ ያንሡት። ብሎኬቱን በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ፣ ጨው ባወጣ ቁጥር ይድገሙት፤ ውኃ አያርከፍክፉበት፣ ጨውን መልሶ ያስገባዋል። በር መስኮት ከፍታችሁ ተዉት። የድሬ ሙቀት እዚህ ላይ ባለውለታ ነው።

ደርቋል ወይ የሚለውን በቀን መቁጠር አይቻልም። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አጣብቀው ግድግዳው ላይ ለሁለት ቀን ይተዉት። ከውስጥ ላብ ከያዘ ወይም ብሎኬቱ ከጠቆረ ገና ነው። ከደረቀ በኋላ የሚለሰነው በአንድ እጅ ሲሚንቶ፣ አንድ እጅ ኖራና ስድስት እጅ አሸዋ ይሁን። ሲሚንቶ ያበዛ ልስን ጠንካራ ይመስላል፤ ግን ግድግዳው እንዳይተነፍስ አድርጎ የቀረውን እርጥበት ወደ ላይ ይገፋዋል። ቀለምም በመጀመሪያው ዓመት ኖራ ይሁን፤ ዘይት ቀለም አይቀቡ።

አሸዋውን አደራ። ጎርፉ ግቢ ያመጣው አሸዋ በነፃ የተገኘ ስለሆነ ብዙ ሰው ለልስን ይጠቀምበታል፤ ደለል የበዛበት ከሆነ ልስኑ ይሰነጠቃል። በሚያሳይ የፕላስቲክ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ አሸዋ ይጨምሩ፣ ውኃ ሞልተው ይነቅንቁት፣ እስኪጠል ይተዉት። ከአሸዋው በላይ የሚተኛው ለስላሳ ንብርብር ከአሸዋው ቁመት ከመቶ 6 እጅ በላይ ከሆነ ሳይታጠብ አይሠራበትም።

የጭቃ ሰርቪሶቹ ያሰጉኛል። የጭቃ ግድግዳ የሚወድቀው በጎርፉ ቀን ብቻ ሳይሆን ሲደርቅም ነው፤ ጭቃው ይሟሽሻል፣ እንጨቱ ከሥር ይበሰብሳል። እያንዳንዱን ቋሚ መሬት የሚነካበት ቦታ ላይ በሹል ካቻቢቴ ይውጉት፤ ያለ ብዙ ጉልበት ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ ከገባ ያ ቋሚ አልቋል። ከአራቱ ማዕዘን አንዱ እንኳ እንዲህ ከሆነ ሰው አይደርበት፣ ተከራይዎም አይመለስ። ጣሪያውን ከውስጥ በድጋፍ እንጨት ሳያሲዙ ጭቃውን መነቅነቅ አደጋ ነው። ዳግም ሲሠራ ከመሬት ቢያንስ 50 ሳ.ሜ. በድንጋይ ይነሣ፣ እንጨቱ ከድንጋዩ በላይ ይቁም።

የዋናው ቤት መሠረትም ይታይ። መሬቱ አሸዋማ ስለሆነ ጎርፍ ከሥር ቦርቡሮት ሊሄድ ይችላል። በማዕዘኖቹ በኩል መሠረቱ እስኪታይ ቆፍረው ባዶ ቦታ መኖሩን ይዩ። ስንጥቆቹን በእርሳስ አቋርጠው ያስምሩ፣ ቀን ይጻፉበት፤ እየሰፋ ከሄደ ወይም ስፋቱ ከ5 ሚ.ሜ. ካለፈ መሐንዲስ ሳያየው ልስን አይጀመርም። ግድግዳ ማፍረስና እንደገና ማቆም ካለበት ደግሞ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ቤቱ በወንዝ ዳር ክልል ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ገንዘብ ከማፍሰስዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ።

ወለሉንና ግድግዳውን ያጠበው ጎርፍ የሽንት ቤት ጉድጓዶችን አጥቦ የመጣ ነው። መጀመሪያ በሳሙና፣ ቀጥሎ 5 በመቶ የሆነውን በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ቀላቅለው፣ ለአሥር ደቂቃ ያቆዩት። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር አይቀላቅሉት፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ጎርፉ የነካው ሮቶ ወይም የምድር ጉድጓድ ካለ ጭቃውን አውጥተው አጥበው ይሙሉት፤ ለእያንዳንዱ 1000 ሊትር አንድ ሊትር በረኪና ጨምረው አንድ ሌሊት ያሳድሩት፣ በቧንቧዎቹ ሁሉ ጥቂት ያፍስሱ፣ ከዚያ ሁሉንም ይድፉ። ያ ውኃ አይጠጣም። የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ዙሪያው ያለው አፈር ሳይደርቅ አያስመጥጡ፤ ባዶውን ሲቀር ግድግዳው ወደ ውስጥ ይደረመሳል።

በባልዲ፣ በጎማና በተሰበረ ዕቃ የቀረ ንጹሕ ውኃ በየሳምንቱ ይደፋ። ድሬ የዴንጊ (በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ) ከተማ ናት፤ ትንኟም የምትራባው በእንዲህ ያለ ውኃ ነው። ድንገተኛ ትኩሳትና ከዓይን ጀርባ የሚያም ራስ ምታት የያዘው ሰው አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አይውሰድ፣ ፓራሲታሞል ይውሰድና ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ቅደም ተከተሉን ለሚቀጥሉት ቀናት እንዲህ ያዙት፦ ነገ ጠዋት ቱቦው ይለካ፣ ከሰዓት መዝገቡ ላይ ስምዎ ይታይ፣ በማግሥቱ የጥገናው ማመልከቻ ገቢ ይሁን፣ ልስን ማንሣቱ ባለሙያው ካየ በኋላ ይጀመር፤ በሳምንት ውስጥ ካልመጣ በፎቶ አስደግፋችሁ ቀጥሉ። የበልጉ ዝናብ በመጋቢት ይጀምራልና ቱቦው ከየካቲት በፊት ካልተጠረገ ሁለተኛውን ደብዳቤ ያስገቡ። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ የደቻቱ ውኃ በሚመጣበት በደንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ከጠቆረና መብረቁ ከበዛ፣ በዚያ ሌሊት ልጆቹ መሬት ላይ አይተኙ፣ ብሬከሩ ይውረድ፣ ካርታውና መታወቂያዎቹ በላስቲክ ታሽገው ቁም ሣጥን ላይ ይውጡ።